አባትህ ከሌኒንግራድ ያመጣው ቲዩነር ሸገርን ለምን አይዝም?

ጥያቄው ከነፎቶው ደርሶኛል፤ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? አባቴ በደርግ ጊዜ ሌኒንግራድ ተምሮ ሲመለስ አንድ የሶቪየት ቲዩነር (የሬዲዮ መቀበያ) ይዞ መጥቶ ነበር። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ሰሞኑን ከቆጥ አውርጄ ሰካሁት። መብራቱ ይበራል፣ ሽሽ ይላል፤ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዞረው ሸገርም ፋናም፣ አንድም ጣቢያ አይዝም። የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ተቃጥሏል አለኝ። እውነት ነው? ደግሞ አባቴ፣ እዚያ ከጃፓን የሚበልጥ የሙከራ ቲዩነር ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ ይል ነበር። ይህስ?»

አባትህን ነፍስ ይማር። ለጠጋኙ ገና ምንም እንዳትከፍል። ፎቶውን አጉልቼ የመርፌውን ሚዛን አየሁት፤ ግራው ጫፍ 65.8፣ ቀኙ 73 ይላል። ከጎኑ ያሉት ሦስት የሩሲያ ፊደላት «ኡ-ካ-ቬ» ተብለው ይነበባሉ፤ «እጅግ አጭር ሞገድ» ለማለት ነው፣ እኛ ኤፍኤም የምንለው። ሸገር ያለው 102.1 ላይ ነው፤ ፋና 98.1፣ ኤፍኤም አዲስ 97.1። ሰባ አካባቢ ቆሞ መቶን የሚጠብቅ መሣሪያ እስከ ዕለተ ምጽአት ቢዞር አያገኘውም። ሽሽታው ደግሞ የበሽታ ሳይሆን የጤና ምልክት ነው። የኤፍኤም መቀበያ ጣቢያ ሲያጣ የራሱን የውስጥ ኖይዝ አጉልቶ ያሰማል፤ የሞተ ቢሆን ዝም ይል ነበር። አንቴና መሰኪያው ላይ ቁራጭ ሽቦ ስትነካ የሽሽታው ቃና ከተለወጠ የፊተኛው ክፍልም (ከአንቴናው ሞገዱን መጀመሪያ የሚቀበለው) በሕይወት አለ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ያለ ቦታ መረጡ ብትል፣ ሰማዩን ቀድሞ የያዘው ቴሌቪዥን ነው። በሶቪየት አመዳደብ ሁለተኛው የቴሌቪዥን ቻናል 66 ሜጋኸርዝ ላይ ያልቃል፣ ሦስተኛው ከ76 ይጀምራል፣ አራተኛው ከ84 እስከ 92፣ አምስተኛው ከ92 እስከ 100 ይሄዳል። ኤፍኤም በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የተረፈችውን ጠባብ መደብ አገኘ፤ ከ65.9 እስከ 74። ፖላንድም ቼኮዝሎቫኪያም በዚሁ መደብ ይሠሩ ነበር፤ ምሥራቅ ጀርመን ግን ከወንድሞቿ ተለይታ የምዕራቡን ባንድ ይዛ ቀረች። ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ ጃፓንም እኮ ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 የሚል የራሷ ባንድ ነበራት። ጎረቤታችን ኬንያ ከጃፓን የገባ መኪና የገዛ ሰው ሬዲዮው አብዛኛውን ጣቢያ እንደማይዝ ያውቃል። ያንተ ችግር ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

የሙከራውን ቲዩነር ጉዳይ ልንገርህ፤ አባትህ ያየው ነገር እውነት ሳይሆን አይቀርም። እኔም በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ከተማ የሬዲዮ ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያ ሥራዬ የተመደብኩበት ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ነበሩ። ሩሲያ ውስጥ ትልቅ ሰው የሚጠራው በስሙና በአባቱ ስም ነው፤ በዚህ በኩል ለእኛ ልጆች ምንም አልከበደንም። እኚህ ሰውዬ ለዓመታት የሚለፉበት፣ ክዳን የሌለው፣ በአሉሚኒየም ሻሲ ላይ የተዘረጋ አንድ ቲዩነር ነበራቸው። እንዲህ ያለውን ናሙና «ማኬት» ይሉታል። ለሽያጭ አይደለም፤ ምን ድረስ መሄድ እንደሚቻል ለማየት ነው።

ለምን ያን ያህል እንደለፉ የሚገባህ የሶቪየት ስቴሪዮ እንዴት እንደሚላክ ካወቅህ ነው። ምዕራቡ በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የጸደቀውን የ19 ኪሎኸርዝ ፓይለት (ስቴሪዮ መኖሩን ለተቀባዩ የሚጠቁም ቋሚ ምልክት) ዘዴ ያዘ። ሶቪየቶች ኤል. ኤም. ኮኖኖቪች ስሙ የሚነሣበትን «ፖላር ሞዱሌሽን» መረጡ። ሐሳቡ ሲያዩት የሚያስቀና ቀላል ነው። 31.25 ኪሎኸርዝ የሆነ ንዑስ ተሸካሚ ሞገድ ትወስዳለህ (ቁጥሩ የቴሌቪዥን መስመር ፍሪኩዌንሲ፣ የ15.625 ኪሎኸርዝ፣ ልክ እጥፍ ነው)። ከዜሮ በላይ ያለው ግማሹ በግራ ድምፅ ልክ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከዜሮ በታች ያለው ግማሹ በቀኝ ድምፅ ልክ። አንድ ድምፅ ማጉያ ያለው ተራ ሬዲዮ አማካዩን ይሰማል፤ አማካዩ የሁለቱ ድምር ነው፣ ምንም አይጎድለውም። ስቴሪዮ የፈለገ ደግሞ ሁለት ዳዮድ ጀርባ ለጀርባ አድርጎ አንዱን ላይኛውን፣ ሌላውን ታችኛውን ጠርዝ እንዲከተል ያደርጋል፤ ግራና ቀኝ ተለያዩ። ሁለት ዳዮድ ብቻ! በቱቦ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ችግሩ ንዑስ ተሸካሚው ራሱ ምንም ወሬ ሳይዝ ቦታ መብላቱ ነው። ስለዚህ ማሠራጫው ላይ በ14 ዴሲቤል፣ ማለትም ወደ አንድ አምስተኛ ይጨቁኑታል፤ ተቀባዩ ቤት ደግሞ መልሶ አምስት እጥፍ ማንሣት አለበት። የሚነሣው በአንድ ኮይልና በአንድ ካፓሲተር ነው፤ የዚያ ጥንድ የጥራት ቁጥርም (ምን ያህል ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ እንደሚያስተጋባ የሚነግረው) ልክ 100 መሆን አለበት፣ ማሠራጫው ላይ ያለው 100 ስለሆነ። እስኪ አስላው፦ 31,250 ለ100 ሲካፈል 312.5 ኸርዝ ነው። ሙሉው ሥራ የሚሠራው በዚች ስንጥቅ ውስጥ ነው። የኮይሉ ዋጋ በ1 በመቶ ብቻ ቢዛነፍ ፍሪኩዌንሲው በ0.5 በመቶ፣ በ156 ኸርዝ ይሸሻል፤ ይህ የስንጥቋ ግማሽ ነው። ያን ጊዜ ንዑስ ተሸካሚው አምስት እጥፍ በመነሣት ፈንታ 3.6 እጥፍ ያህል ብቻ ይነሣል፣ የሞገዱ የጊዜ አሰላለፍም (ፌዝ የሚሉት) ይጣመማል። ውጤቱ፣ ዝቅተኛ ድምፆች ግራና ቀኛቸው ይደባለቃል፤ ጮክ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ ሁለቱ ጠርዞች ይነካኩና ድምፁ ይሻክራል። አንድ በመቶ ማለት ክፍሉ በክረምትና በበጋ መካከል የሚለዋወጠው ሙቀት አንድ መናኛ ፌራይት ላይ ሊያመጣው የሚችለው ለውጥ ነው።

ሽማግሌው ሦስት ወር ሙሉ የፈጁት በዚች አንድ ኮይል ላይ ነበር። የተዘጋ ኩባያ ቅርጽ ያለው እምብርት ውስጥ ጠምጥመው፣ በሙቀት ዋጋው ወደ ታች የሚሄድ ካፓሲተር አጠገቡ አስረው አንዱ የሌላውን ስህተት እንዲበላ አደረጉ። የጎደለውን የጥራት ቁጥር በአንድ ትራንዚስተር መልሰው ከውጤቱ ጥቂቱን ወደ ኋላ በመመገብ ያሟሉታል፤ ግን ትንሽ ካበዙት ራሱ መጮኽ ይጀምራል፣ ካሳነሱት 100 አይደርስም። እኔን የመደቡኝ ሣጥኑን በማሞቂያ እያሞቅኩ፣ በመስኮት በኩል በጥር ብርድ እያቀዘቀዝኩ ቁጥር እንድመዘግብ ነበር። ከአዲስ አበባ የሄደ ልጅ በዚያ መስኮት አጠገብ ምን እንደተሰማው ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ሌላው ጣጣ የፊተኛው ክፍል ነበር። መቀበያ የያዘውን ጣቢያ በውስጡ ከሚያመነጨው ሞገድ (ኦሲሌተር) ጋር አደባልቆ ወደ አንድ ቋሚ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ይህ መካከለኛው ፍሪኩዌንሲ በድሮዎቹ የቱቦ ሬዲዮዎች 8.4 ሜጋኸርዝ ነበር፣ በኋላ 6.5 ሆነ፣ ቀጥሎ እንደ ምዕራቡ 10.7 ገባ። 10.7 ሲሆን የምትሰማው ጣቢያ «መንታ»፣ ማለትም ሳይፈለግ በዚያው በር የሚገባው ሌላ ሞገድ፣ ከእሱ በ21.4 ሜጋኸርዝ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። 70.35 ላይ ያለ ሬዲዮ ጣቢያ መንታው 91.75 ነው፤ 91.75 ደግሞ የአራተኛው ቴሌቪዥን ቻናል የድምፅ ሞገድ የሚወጣበት ትክክለኛ ቦታ ነው! አራተኛው ቻናል ባለበት ከተማ ሲምፎኒ እያዳመጥክ የእግር ኳስ ዘጋቢ ሊገባብህ ይችላል። ከታች በኩል ደግሞ የሁለተኛው ቻናል ድምፅ 65.75 ላይ፣ የባንዱን በር ተደግፎ ቆሟል። ስለዚህ ከማደባለቂያው በፊት አንድ ሳይሆን ሦስት የሚቃኙ ጥንዶች አስፈለጉ፤ ከኦሲሌተሩ ጋር አራት፣ አራቱም እኩል መራመድ ያለባቸው።

በዚህ ላይ ክርክር ነበር። ወጣቶቹ ቫሪካፕ (በቮልቴጅ የሚቃኝ፣ እንደ ካፓሲተር የሚያገለግል ዳዮድ) ይፈልጋሉ፤ ዘመናዊ ነው፣ ጣቢያ በአዝራር ማስታወስ ያስችላል። ሽማግሌው ባለ አራት ክፍል የአየር ካፓሲተር ይሁን ይላሉ፤ ከባድ፣ ውድ፣ ለአቧራም የተመቸ። በስሌት ስታየው ሁለቱም እውነት አላቸው። 8 ሜጋኸርዝ በ20 ቮልት ብትሸፍን አንዱ ቮልት 400 ኪሎኸርዝ ያንቀሳቅሳል፣ 10 ሚሊቮልት ቢዛነፍ ጣቢያው 4 ኪሎኸርዝ ይሸሻል። ከዚያም ብርቱ ሞገድ ሲመጣ ሞገዱ ራሱ ቫሪካፑን እያወዛወዘ ጣቢያዎችን ያደባልቃል። በመጨረሻ ቫሪካፖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ በጥንድ ተሰክተው ገቡ፣ ጥንዶቹ ግን ከመቶ ፍሬ አንድ በአንድ ተለክተው የተመረጡ ነበሩ። ማጉያው ካፔ350 የሚባል ባለ ሁለት በር ትራንዚስተር ነው፤ ኖይዙ ዝቅተኛ፣ ጠባዩ ግን እንደ ሙሽራ። ሹራብ ለብሰህ ከነካኸው በሹራብህ ኤሌክትሪክ ይሞታል። እግሮቹን በቀጭን ሽቦ ጠምጥመህ አንድ ላይ ታስራለህ፣ ካውያህን ከመሬት ታገናኛለህ፣ ሶልደር አድርገህ ስትጨርስ ነው ሽቦውን የምትፈታው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ገድያለሁ። ሽማግሌው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ሹራቤን ብቻ አዩት።

ሞገዱን ወደ ድምፅ የሚመልሰው ዲቴክተር ግን ያኮራ ነበር። ተራው ዘዴ በኮይል ጥምዝ ላይ ይመካል፤ ጥምዝ ደግሞ መቼም ቀጥ አይልም። እሳቸው የሠሩት ቆጣሪ ነው፦ ሞገዱ ዜሮን በተሻገረ ቁጥር ስፋቱ የማይለወጥ አንድ ምት ይወጣል፣ ምቶቹ ሲጠራቀሙ ድምፅ ይሆናሉ። የሚጣመም ኮይል የለም። እንዳለ በ10.7 ሜጋኸርዝ ላይ አይሠራም፤ የሶቪየት ጣቢያ ግራና ቀኝ የሚወዛወዘው 50 ኪሎኸርዝ ነው፣ ይህ የ10.7 ሜጋኸርዝ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ኖይዙ ይውጠዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ተደባልቆ ወደ 1 ሜጋኸርዝ ወረደ፤ እዚያ 50 ኪሎኸርዝ 5 በመቶ ነው። የመዛባቱ ቁጥር ከላቦራቶሪው መለኪያ ወለል በታች ወረደብን፤ የምንለካው ቲዩነሩን ይሁን የራሳችንን ጀነሬተር (ለመለኪያ የሚሆን ሞገድ የሚያመነጨውን መሣሪያ) መለየት አቃተን።

«ከጃፓን ይበልጣል» የሚለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው የጃፓን ቲዩነር አምጥቶ አጠገቡ ቢያስቀምጥ እንኳ ጃፓኑ 70 ሜጋኸርዝ አይዝም፣ ፖላርም አይፈታም። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ዘፈን አድርገህ ማወዳደር የማይቻል ነገር ነው። ቁጥር ለቁጥር ስታወዳድር ግን የሶቪየቱ ሥርዓት ገና ሲነሣ የሚከፍለው ዕዳ አለ፤ 50 ኪሎኸርዝ ከ75 ጋር ሲነጻጸር 3.5 ዴሲቤል ኖይዝ ነው፣ ምንም ጎበዝ መሐንዲስ አይመልሰውም። በምትኩ ስፋቱ ያንሳል፣ የስቴሪዮው ሞገድ 53 ሳይሆን 46.25 ኪሎኸርዝ ላይ ያበቃል። ማኬቱ በሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ ከማንም አያንስም ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም። ችግሩ ማኬት መሆኑ ነው።

ቫሪካፕ ከመቶ ፍሬ የሚመረጥበት ቦታ ፋብሪካ አይደለም። ፋብሪካው ዕቅድ አለው፤ ወር ሲያልቅ ግማሹ ምርት በመጨረሻው ሳምንት ይጣደፋል። ምርጥ ክፍሎች ላያቸው ላይ የአልማዝ ቅርጽ ምልክት አለባቸው፤ እነሱ ለወታደሩ የተለዩ ናቸው፣ ለሙዚቃ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ያም ሆኖ ሪጋ የነበረው የፖፖቭ ሬዲዮ ፋብሪካ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ «ቪክቶሪያ-001-ስቴሪዮ»ን አውጥቷል፣ በኋላም «ላስፒ-001-ስቴሪዮ»ን የመሰለ ቲዩነር ለገበያ በቅቷል። ቁጥሩን ማንበብ ልመድ፤ የመጀመሪያው አሃዝ የጥራት ደረጃው ነው፣ ዜሮ ከሁሉ ከፍተኛው፣ ቀጥሎ 1፣ 2 እያለ ይወርዳል። ያንተ ላይ 101 ይላል፤ የአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ሞዴል ማለት ነው። ፊቱ ላይ ያለችው ባለ አምስት ማዕዘን ምልክት ደግሞ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትሰጥ የነበረችው የመንግሥት የጥራት ማኅተም ናት። አባትህ መናኛ ዕቃ አልተሸከመም።

እንግዲህ ወደ ሸገር እንመለስ። ኮይሉን ፈትቼ ወደ መቶ ላምጣው የሚል ጠጋኝ ካገኘህ ዕቃውን ይዘህ ውጣ። አራቱ ጥንዶች እኩል እንዲራመዱ የተቃኙት አንድ ጊዜ ነው፤ ያለ ጀነሬተር አይመለሱም። የሚሻለው ኮንቨርተር ነው፦ ከአንቴናውና ከቲዩነሩ መካከል የምትገባ፣ ከላይ የመጣውን ሞገድ በቋሚ ቁጥር ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ሣጥን። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ሩሲያ ውስጥ ከ100 በላይ ያሉ ጣቢያዎች ሲከፈቱ እንዲህ ያለው ዘዴ ብዙ አሮጌ ሬዲዮ አድኗል። ኦሲሌተሯ 30 ሜጋኸርዝ ከሆነ ኤፍኤም አዲስ 67.1 ላይ፣ ፋና 68.1 ላይ፣ ሸገር 72.1 ላይ ይወድቁልሃል፤ ሦስቱም ሚዛንህ ውስጥ ናቸው። አፍሮ ኤፍኤም 105.3 ግን 75.3 ይሆንና ይወጣል። ሃያ ሜጋኸርዝ የሚሰፋ ባንድ በሰባት ሜጋኸርዝ ቀዳዳ አያልፍም፤ የቱን ቁራጭ እንደምትፈልግ መምረጥ አለብህ። በገበያ በቀላሉ የሚገኘው የ27 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ሸገርን 75.1 ላይ ስለሚጥለው ለአንተ አይሆንም። የጃፓን መኪና ባንድ ኤክስፓንደርም ወደ 76 እና ከዚያ በላይ እንጂ ወደ 70 ስለማያወርድ አትግዛው።

ስቴሪዮ አትጠብቅ። የእኛ ጣቢያዎች በፓይለት ዘዴ ነው የሚልኩት፣ ያንተ ሣጥን የሚፈታው ፖላር ነው። የሞኖ አዝራሩን ተጭነህ ተወው፤ ያለዚያ አንድ የሚያስቅ ነገር ታያለህ። የስቴሪዮ መብራቱ የሚጠብቀው 31.25 ኪሎኸርዝ ነው፤ በፓይለት ዘዴ ከ38 በ6.75 ዝቅ ሲሉ እዚያው ይደርሳሉ። በግራና በቀኝ የሚለያይ 6.75 ኪሎኸርዝ ድምፅ በመጣ ቁጥር፣ ለምሳሌ ዘፋኙ «ስ» እና «ጽ» ሲያበዛ፣ መብራቱ ብልጭ ሊል ይችላል። የእኛ ጣቢያዎች 75 ኪሎኸርዝ ስለሚወዛወዙም ጮክ ያለ ቦታ ላይ ጫፉ ትንሽ ይሻክር ይሆናል። የከፍተኛ ድምፅ ሚዛኑ ግን አይዛባም፤ አውሮፓም ሶቪየትም የተጠቀሙት የማስተካከያ ቁጥር አንድ ነው፣ 50 ማይክሮሰከንድ።

ከዚያ በፊት ግን ለረጅም ሰዓት አታብራው። ከቆጥ የወረደ ዕቃ ነው፤ ካ50-6 የሚባሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በዕድሜ ይደርቃሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ60 ዋት ተራ አምፖል ጋር በተከታታይ አገናኝተህ ስካው፤ አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ነቅለህ ተወው፣ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። የድምፅ መውጫው ባለ አምስት ፒን ክብ መሰኪያ ነው፣ መካከለኛዋ ፒን መሬት ናት። ውስጡ አረንጓዴ፣ ጠፍጣፋ፣ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ካፓሲተሮች ታያለህ፤ ፓላዲየም ስላለባቸው በቀድሞ ሶቪየት አገሮች ስንት ጥሩ መሣሪያ ለእነሱ ሲባል ተገንጥሏል። በኪሎ ልግዛህ የሚል ቢመጣ ዓይኑ ያለው እነሱ ላይ ነው።

አንድ ኩባያ የመሰለ፣ አናቱ በቀይ ቀለም ወይም በሰም የታሸገ ኮይል ደግሞ ታገኛለህ። እሱ 31.25 ነው። ስክሪውድራይቨር አታስጠጋው። ክዳኑን ስትከፍት ከላይም ከታችም ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የኮንቨርተሩን ሥዕል ከመሥራቴ በፊት አንቴናው የሚገባበትን ቦታ ማየት አለብኝ።